ከቫራናሲ እስከ ቦድጋያ፦ በተማሪ አቅም ያደረግሁት ጉዞ

ሕንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን በምማርበት ጊዜ የታኅሣሥ ዕረፍት ሲደርስ፣ ወደ አገር ቤት የሚመልሰኝ የአውሮፕላን ቲኬት ከአቅሜ በላይ ስለነበር፣ ሂንዱዎችና የቡድሃ እምነት ተከታዮች እጅግ የሚያከብሯቸውን ስፍራዎች በባቡር እየተዘዋወርኩ ለማየት ወሰንኩ።

ገና ከመነሻው ሁለት ነገር ተሳሳትኩ። በዚያ ወቅት የሰሜን ሕንድን ሜዳ የሚሸፍነው ጉም ባቡሮችን ለሰዓታት እንደሚያዘገይ ሳላስብ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው የምሸጋገርበትን ጊዜ ስላጠበብኩ፣ ቀጣዩ ባቡር አመለጠኝና ሌሊቱን ጣቢያ ውስጥ በብርድ አሳለፍኩ። ማረፊያ ቤቶች የውጭ አገር እንግዳ ሲቀበሉ ለመንግሥት ማሳወቅ ስላለባቸው፣ ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ፓስፖርቴን አይተው ይመልሱኝ ነበር፤ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ እንደሚገባ የተረዳሁት ሻንጣዬን ተሸክሜ ከደጅ ደጅ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው።

ቫራናሲ ውስጥ ወደ ጋንጀስ ወንዝ የሚወርዱ፣ ጋት የሚባሉ ከ80 በላይ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ሂንዱዎች በዚህች ከተማ የሞተ ሰው ከዳግም ውልደት ዑደት ነፃ ይወጣል ብለው ስለሚያምኑ፣ ማኒካርኒካ በተባለው ጋት አስከሬን የሚቃጠልበት እሳት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። እዚያ ቆሜ ስልኬን ሳነሣ አንድ አዛውንት በመዳፋቸው ካሜራውን ሸፈኑና «ልጄ፣ በአገራችሁ ለቅሶ ላይ ፎቶ ይነሣል?» አሉኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አስከሬኑ መጀመሪያ በጋንጀስ ውኃ እንደሚነከር፣ እሳቱንም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የተላጨው የበኩር ልጅ እንደሚለኩስ አስረዱኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በየስፍራው አስቀድሜ ተቀምጬ ማየት፣ ቀጥሎም መጠየቅ ልማዴ ሆነ።

ቡድሃ ለአምስት ጓደኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረባት ሳርናት ከቫራናሲ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። በየዕለቱ በሩፒ ኖት ላይ የማየው የአንበሶች ምስል፣ ንጉሥ አሾካ ያቆመው ዓምድ ጉልላት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ሙዚየም ነው።

ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ የደረስኩባት ቦድጋያ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያዘችኝ። ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ የእኔንም ደጅ አስቀመጥኩ፤ ጫማዬንም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አውልቄ በቀዘቀዘው ድንጋይ ላይ ተራመድኩ። የቲቤት መነኮሳት በእንጨት ሳንቃ ላይ ደጋግመው እየተዘረጉ ይሰግዳሉ፤ ቡድሃ ብርሃን አገኘ በሚባልበት ስፍራ ካለው ዛፍ ሥር ደግሞ ምዕመናን ቅጠል እስኪረግፍ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። የዛሬው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1881 አሮጌው ከወደቀ በኋላ የተተከለ ነው።

በመጨረሻው ቀን በአቅራቢያዋ ባለችው በጋያ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ቪሽኑፓድ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ስላየሁ ከበሩ ተመልሼ ፋልጉ ወንዝ ዳር ተቀመጥኩ። ልጆች ለሞቱ ወላጆቻቸው ከዱቄትና ከሰሊጥ የተድቦለቦለ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። አባቴ ሲቀበርም ሆነ ተዝካሩ ሲወጣ እኔ ሕንድ ነበርኩና፣ እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።