ለዲጄው ማክ ተገዛለት፣ አቀናባሪዋ ግን እምቢ አለች

«ዊንዶውስ ነው ያዋረደን!» አሉ ጋሼ ሰኞ ጠዋት ገና ከበር ሲገቡ። አለቃችን ናቸው። ሥራችን የሰርግ ዲጄና የድምፅ ኪራይ ነው፤ ከጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችን። እኔ ሳውንድማን ነኝ። ጋሼ የቅዳሜው ነገር እንቅልፍ ነስቷቸው፣ በዊንዶውስ ላፕቶፖቻችን ምትክ ለሁላችንም የአፕልን ማክ ሊገዙ ቆርጠው ነበር የመጡት።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከስፒከሩ በየጥቂት ሰከንዱ «ጨርር» የሚል ነገር ይሰማል። ችክችካ ሲሆን ይደበቃል፤ ለስለስ ያለ ዘፈን ሲመጣ ግን ጆሮ ይበላል። ዲጄው ገመድ ቀየረ፣ ኮንትሮለሩን (ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ዘፈን የሚቀላቅልበትን መሣሪያ) ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ወይ ፍንክች! ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ዘፈኑ ግን ከዚያ በኋላ መንተባተብ ጀመረ። ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመዋል። የሙሽራዋ አጎት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስፒከራችሁ ተቀደደ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ስልኬን ሁልጊዜ ሚክሰሩ ላይ አንድ ቻናል ይዤለት ነው የምሠራው። የመግቢያውን ዘፈን ከስልኬ ለቀቅኩት። ከአጎትየው በቀር ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ ብሩን ከማውጣትዎ በፊት ላፕቶፑን ለዛሬ ይተዉልኝ» አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ተዉልኝ።

ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩን ይዞ አላስኬድ የሚለው የትኛው ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ሶፍትዌር) እንደሆነ ያሳያል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲጄው በፈሩን፣ ማለትም በአንዴ የሚዘጋጀውን የድምፅ ቁራጭ፣ 256 ናሙና ላይ ካደረገው፣ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በየ6 ሚሊሰከንዱ ገደማ ቀጣዩን የድምፅ ቁራጭ ማቅረብ አለበት። ሌላ ሥራ ይዞት ከዘገየ ክፍተት ይፈጠራል፤ «ጨርር» የሚለው እሱ ነው። በእኛ ላፕቶፕ ላይ በቀይ የታየው የዋይፋዩ ድራይቨር ነበር። ከማንም ጋር ሳይገናኝ ዝም ብሎ ኔትወርክ ይፈልጋል። ዋይፋዩን አጠፋሁት። ጨርርታው ጠፋ።

መንተባተቡ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቻርጀሩን ስነቅለው ወዲያው መጣ። አዳራሹ ውስጥ ለካ ጄኔሬተሩ መብራቱንና የእኔን ሚክሰር እንጂ የዲጄውን ጠረጴዛ ሶኬት አልያዘም! ኮንትሮለሩ ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ስለሆነ መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው፤ ማን ይጠርጥር? ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀር ጉልበቱን ቆጥቦ ፕሮሰሰሩን አዘገየው። የኃይል ማስተካከያውን ወደ ከፍተኛው ሳደርገው ተሻለው፤ ጨርሶ አልዳነም።

ማክ ለዲጄው ይገባዋል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። «ማክ ድምፁ ያምራል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ሳውንድ ካርድ ነው፣ ከየትም ላፕቶፕ ቢመጣ ያው ነው። ቁም ነገሩ ባትሪው ነው። በ2020 መጨረሻ ኤም1 ቺፕ ከመጣ ወዲህ ማክቡክ ቻርጀር ተሰካ አልተሰካ ጉልበቱ ያው ነው። መብራት በሚሄድና በሚመጣበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ብዙው ኮንትሮለር ማክ ላይ እንደተሰካ ይሠራል፤ ዊንዶውስ ላይ የአምራቹን አሲዮ የሚባል የድምፅ ድራይቨር መጫን የግድ ይላል።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ወደ ስቱዲዮው ዞረው «አንቺም ይገዛልሻል» አሏት አቀናባሪያችንን።

«ይተዉ ጋሼ፣ እኔ አልፈልግም» አለች።

ምክንያት ነበራት። የምትሠራው ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባል የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ኤፍኤል ከ2018 ጀምሮ ማክ ላይም አለ፣ አንድ ፈቃድ ለሁለቱም ያገለግላል፣ ሥራዋም እዚያ ይከፈታል። ከጓደኛዋ ማክ ላይ ከፍታ ሞክራዋለች። ዜማው በሙሉ ተሰልፎ ይታያል፤ ሲጫወት ግን ግማሹ ድዳ ነው። ለዓመታት የሰበሰበቻቸው ነፃ ፕለጊኖች (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ የድምፅ መሣሪያዎች) ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ሠሪዎቻቸውም ትተዋቸዋል። ያለቀ አልበም የሚመልስ ደንበኛ ደግሞ አይጠፋም፤ «እቺን ማሲንቆ ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ» ሲላት ምን ትክፈት? የአፕልን ማቀናበሪያ ሎጂክ ፕሮን የምትፈልግ ብትሆን ወሬው ሌላ ነበር፤ እሱ ዊንዶውስ ላይ የለም። በዚያ ላይ የእሷ ማሽን ራም ይጨመርለታል። አዲሶቹ ማክቡኮች ግን ሲገዙ በያዙት ራም ነው የሚኖሩት።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ለስቱዲዮው ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)፣ ለዲጄው ያገለገለ ኤም1 ማክቡክ ኤር ለመግዛት ተስማሙ። ያገለገለ ስትገዙ አደራ፦ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲነሳ እዩት። የቀድሞ ባለቤቱን አካውንት ወይም የሆነ የውጭ ድርጅትን ስም ካመጣ ጥላችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ያየነው እንደዚያ ነበር፤ ሻጩ «ቀላል ነው፣ ይከፈታል» አለን። ቀላል አይደለም።

ኤሩ ያለው ዩኤስቢ ሲ ብቻ ስለሆነ አዳፕተር ሁለት ገዛን፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ከኮንትሮለሩ ቦርሳ አይወጣም። አንድ ሕግም አወጣን፦ በሰርግ ወቅት አፕዴት የለም። በ2019 ካታሊና የተባለው የማክ ሲስተም ሲመጣ ባለ32 ቢት የሚባሉትን የድሮ ፕሮግራሞች በሙሉ ስላስቆመ ስንቱ የድሮ ፕለጊን አፈር በላ። አሁን ማኩ «አዲስ አፕዴት አለ» እያለ ዲጄውን ይነዘንዘዋል። እሱ ደግሞ «ዐቢይ ጾም ሲገባ!» ብሎ ይዘጋዋል።