ለገና በሥራ ላይ ለዋላችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ዶሮው ደርሶላችሁ ከቤተሰብ ጋር ማዕድ ለቀረባችሁ ሁሉ ደስ ይበላችሁ፤ የዛሬው መልእክቴ ግን ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድራችሁ፣ ጠዋት የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ወደ ፓርኪንጉ፣ ወደ ሆስፒታሉና ወደ ታክሲ ተራው ለሄዳችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዋሽንግተን በ1120 ኤኤም (መካከለኛ ሞገድ) ሬዲዮ ጣቢያ ላይ በኪራይ የአየር ሰዓት የአማርኛ ሙዚቃ ሳጫውት አድማጮቼ እናንተው ነበራችሁና።

የዚያን ጊዜ አድማጮች እንደምታስታውሱት ሬዲዮናችን ከፀሐይ ጋር ይጠልቅ ነበር። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድር ለምድር ይጓዛል፤ ሲመሽ ግን ከላይኛው የአየር ክፍል እየነጠረ እጅግ ሩቅ ይደርሳል፤ በዚህም ምክንያት ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዚያው ሞገድ በ50,000 ዋት ለሚያሰራጨው የሴንት ሉዊሱ ሬዲዮ ጣቢያ ኬኤምኦኤክስ ሌሊቱን መተው ግዴታችን ነበር። ሰኔ ላይ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚቆየው ቀን በገና ሰሞን 11 ሰዓት አካባቢ ስለሚያበቃ፣ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ በሚከፍትበት ሰዓት እኛ መሰናበቻ ላይ ነበርን። በበዓል ቀን የሙዚቃ ምርጫ ለማስመዝገብ መስመር ላይ የሚጠብቁትን ሁሉ ሳላዳርስ መዝጋት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለ ድምፁ ጥራት የሚቀልዱ ነበሩ፣ እውነትም ነበራቸው። የድራሙ ሲምባል ይታፈናል፤ በጋ ላይ መብረቅ በዘፈኑ መካከል ይንኳኳል፤ ድልድይ ሥር ሲገባ ዘፋኙ ይጠፋል። ነገር ግን የአስናቀች ወርቁን ክራርና ድምፅ በኤኤም የሰማ ሰው ምንም እንደጎደለበት አይሰማውም ባይ ነኝ። የኤፍኤም ልጆች ቢስቁብኝም አልከራከርም።

ዘንድሮ ከፍልሰታ በኋላ ያረፉት ጋሼ፣ ስማቸውን የማልጠራው ቤተሰባቸው እንዲያ ስለሚመርጥ ነው፣ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። በየበዓሉ ደውለው ሙዚቃ የሚመርጡት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ለሚሠሩ ልጆች ነበር። ሞገዱ ኮንክሪቱን አልፎ እዚያ እንደማይደርስ እያወቁ ያስመርጣሉ፤ ከዚያ ታክሲያቸውን እያሽከረከሩ ወርደው፣ «ይኸው ተመርጦላችኋል፣ እኔ ሰምቼላችኋለሁ» ይሏቸዋል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮ በማይክሮፎኑ ስንለምን መጀመሪያ የሚደርሰው የእሳቸው ፖስታ ነበር። የእሳቸውን ሞት ግን የሚያነብ ሬዲዮ አልነበረም፤ ወሬው በስልክ መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ፣ ብዙዎቻችሁም የሰማችሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፎርድ ኤኤምን ከአዳዲስ መኪኖቹ እንደሚያስቀር ሲነገር ተቆጥተው ደውለውልኝ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሞገዱን ይረብሻል ብዬ ባስረዳቸው፣ «ታዲያ ሞተሩን አይጠግኑትም?» አሉኝ። ኩባንያው በግንቦት ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ እርሳቸው እንደ ረቱ ቆጥረው ቡና ጋበዙኝ።

በዚህ ቀን ምስጋና የሚገባቸው ሌሎችም አሉ። የዘፋኞቻችንን ስም አስተካክሎ ለመጥራት ወረቀት ላይ ጽፎ ይለማመድ የነበረው አሜሪካዊ ቴክኒሻን፣ ገበያ ቀዝቅዞ ሳለ እንኳ የማስታወቂያ ክፍያዋን ያላቋረጠችው የእንጀራ ቤቷ እመቤት፣ በገና ዕለት ማዕዱን ሸፍና እስክመለስ የምትጠብቀኝ ባለቤቴ፦ ያ ፕሮግራም የእናንተ ነበር፤ እኔ ዘፈን ከማቀያየር ያለፈ ብዙ አልሠራሁም።

አንድ ልመና ልጨምር። የጋሼ ልጅ የአባቷን ድምፅ ከእኔ ጠይቃኛለች፤ እኛ ዘንድ ግን የለም። ካሴት ውድ ስለነበር ባለፈው ሳምንት ፕሮግራም ላይ አዲሱን እንቀዳበት ነበር። አንዳንዶቻችሁ ፕሮግራሙን ቤት ሆናችሁ እየቀዳችሁ ለአገር ቤት ዘመድ ትልኩ እንደነበር ነግራችሁኛል። እባካችሁ ዛሬ ዘመድ ስትጠይቁ ሣጥኑንም አስፈትሹ፤ በተለይ የገናና የፋሲካ የሚል ከተጻፈበት አትለፉት። ካሴት ማጫወቻዬ አሁንም ይሠራል፤ ገልብጬ ዋናውን እመልስላችኋለሁ።

መልካም የገና በዓል።