ፊልም ላይ ማንም አያስመልሰውም

ሰሞኑን ፊልም ሳይ መጥፎ ልማድ ይዞኛል። ታሪኩን ትቼ የመጠጥ ብርጭቆውን እከተላለሁ። ሰውዬው ከሥራ ተባረረ፣ ይቀዳል። ሴትዮዋ ዕድገት አገኘች፣ ይቀዳል። ሁለት ሰዎች ሊያወሩ ተቀመጡ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ይቀዳል። በማግስቱ ሁሉም ፀጉራቸውን አበጣጥረው ሥራ ይገባሉ። ማታ የተናገረውን አስታውሶ የሚያፍር የለም። የሚያስመልሰው ካለም እኛን ለማሳቅ ነው።

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ከካሜራው ውጪ ያለውን በራሴም በሰውም አይቼዋለሁ። የ13 ዓመት ልጅ ግን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። በቀደም ከእህቴ ልጅ ጋር እያየን ጀግናውን ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ፣ ሰውዬው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ “አሁን ሊጠጣ ነው” አለኝ። ልክ ነበር። ልጁ ቀምሶ አያውቅም፣ ቤታቸውም የሚጠጣ የለም። ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ ግን ጠንቅቆ አውቋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ አለ። ከ38,000 በላይ ወጣቶችን ለተወሰነ ጊዜ የተከታተሉ 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። በ12ቱ፣ የመጠጥ ማስታወቂያና በሚዲያ የሚታይ መጠጥ የበዛባቸው ልጆች መጠጥ የመጀመር፣ ከጀመሩም ጨምረው የመጠጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። “መጠጥ የሚያምራቸው ልጆች ራሳቸው ይሆናሉ እንዲህ ያለውን ፈልገው የሚያዩት” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፣ እኔንም ይዞኝ ነበር። ግን ከእነዚህ ጥናቶች አንዳንዶቹ የሚነሱት ገና ካልጀመሩ ልጆች ነው፤ የወላጅንና የጓደኛን መጠጣትም ከግምት ያስገባሉ። ያም ሆኖ ፊልም ያየ ሁሉ ይጠጣል ማለት አይደለም። ጓደኛ አለ፣ ቤት አለ፣ የልጁ ጠባይ አለ።

መጠጥ በስንት ዓመት ተጀመረ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ላይ ከ15 ዓመታቸው በፊት ከጀመሩት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የአልኮል ጥገኛ ሆነዋል። 20 እና ከዚያ በላይ ሆነው በጀመሩት ዘንድ 10 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ።

ኖርዌይ የአልኮል ማስታወቂያን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከልክላለች፣ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ከቴሌቪዥንና ከሲኒማ አስወጥታዋለች። ጥሩ ነው። ግን ዛሬ አንድ ታዳጊ ስልኩ ላይ የሚያየው ጠርሙስ በአብዛኛው ማስታወቂያ አይመስልም። የጓደኛው ታላቅ ወንድም ከፓርቲ የለጠፈው ቪዲዮ ነው፣ ሁሉም ይስቃል፣ ላይኩ ይጎርፋል። ስክሪኑ ላይ ቆም ብሎ ካየው ደግሞ ስልኩ መሰሉን ይደረድርለታል። ይህን የትኛው ሕግ ይይዘዋል?

ፊልሙን ማጥፋት አልወድም፤ የእህቴን ልጅ ብከለክለው ጎረቤት ሄዶ ያየዋል። እያየን ወሬ መጀመር ይቀለኛል፤ “ይሄ ሰውዬ ነገ እንዴት አድርጎ ነው የሚነዳው?” ብዬ እነካካዋለሁ። አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ “ኧረ ፊልሙን ልይበት” ይለኛል። ስልኩን ሲያይ ግን አጠገቡ አልቀመጥም፣ እሱም አይፈቅድልኝም። እዚያ ውስጥ የማውቀው ሊያሳየኝ የፈለገውን ብቻ ነው።