ዊኖና ከወፍ ዓይን

ዊኖና ሚኒሶታ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከሴንት ፖል በሀይዌይ 61 ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሚሲሲፒ በግራ በኩል ይታያል። መንገዱ ያምራል፤ በዚሁ ይለፈኝ።

ዊኖና ያደርኩበት ሞቴል ግን አይረሳኝም። የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ጠዋት ስከፍል ደግሞ በስልክ ያልተነገረኝ 18 ዶላር ተጨምሯል። «የአገልግሎት ነው» አለኝ ልጁ። የምን አገልግሎት? የባቡሩ ይሆን?

ተናድጄ ወደ አሮጌ ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ላየው የመጣሁት ካርታ፣ ከተማዋን ከላይ በወፍ ዓይን የሚያሳየው፣ እዚያ ተሰቅሏል፦ ዊኖና፣ 1867፣ የአልበርት ሩገር ሥራ። ሩገር ፕሩሺያ የተወለደ ሰው ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከተማ ለከተማ እየዞረ ይሥል ነበር። ሴንት ፖልንም በ1867፣ ሚዙሪ ያለችውን የሃኒባል ከተማ በ1869 ሥሏል። ለዚህ ሥራ በፊኛ መውጣት አያስፈልግም። ሠዓሊው በእግሩ ይዞራል፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይነድፋል፤ ከዚያ ከሰማይ እንደሚታዩ አድርጎ በጎዳናዎቹ ንድፍ ላይ ይደረድራቸዋል። ሕትመቱን የሚገዙት በአብዛኛው የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ቀድመው ይመዘገባሉ። እንዲህ ባሉ ካርታዎች ላይ ጭስ ማውጫው ሁሉ የሚጨሰው ለዚህ ነው። ጭስ ያኔ ሥራ አለ ማለት ነበር።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ቤታችሁ የት ነው ስንባል «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» እንላለን እንጂ የመንገድ ስም ማን ያውቃል? ጠፍጣፋ ካርታ ዛሬም ያደናግረኛል። ይሄኛው ግን ገና ሳየው ገባኝ።

የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ናቸው። ማጉያ መነጽር አውጥተው ሰጡኝና ወንበር ሳቡልኝ። ቅጂው 25 ዶላር ነው። «ግን ልጄ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኘዋለህ» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ የሩገርን ስብስብ የገዛው በ1941 ነው። ገበያቸውን በገዛ አፋቸው ሲዘጉ ጊዜ እንቢ ማለት አቃተኝ፤ ገዛሁት።

ይዤው ከተማዋን ቁልቁል ወደሚያሳየው ኮረብታ፣ ጋርቪን ሃይትስ ወጣሁ። ከተማዋ በወንዙና በሐይቁ መካከል ተዘርግታለች። ጎዳናዎቹን ከካርታው ጋር ላስተያይ ብዬ ነበር፤ ዛፉ ግን ግማሹን ቤት ውጦታል። ሩገር ብልጥ ነው፤ ቤቶቹን በዛፍ አልሸፈነም። ገዢው ጣሪያውን ካላየ ምን ብሎ ይከፍላል! ሹገር ሎፍ የሚባለው አለታማ ኮረብታም ያኔ ሙሉ ነበር። በ1880ዎቹ ድንጋዩን ለግንባታ ፈልጠው ወስደውት አሁን የቀረው ጉማጅ ነው።

ስመለስ መንገድ ላይ ያለችውን የሬድ ዊንግ ከተማ ሳልቆም አለፍኳት። እሷንም ሩገር በ1868 ሥሏታል። ለእሷ ሌላ ቀን እመጣለሁ፤ ቅርብ ስለሆነች ማደር የለም።