ከባለቤቴ ጋር ድንጋይ ፍለጋ በኦሪገን

ፖርትላንድ ከመጣን ወዲህ እኔና ባለቤቴ ከሥራ የተረፈንን ጊዜ የምናሳልፈው ባለ ቀለም ድንጋይ በመልቀም ነው። ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ «አገራችን ድንጋይ ጠፍቶ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣችሁት?» እያሉ ይቀልዱብናል። ቀልዱ ባይከፋም፣ ኦሪገን አብዛኛው ምድሯ በእሳተ ገሞራ የተሠራ መሆኑን፣ ግዛቲቱም የራሷን ድንጋዮች በይፋ የሰየመች መሆኗን የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ውስጡ ብዙ ጊዜ አጌት በተባለው ባለ ንብርብር ጠንካራ ድንጋይ የተሞላውንና «የነጎድጓድ እንቁላል» የሚባለውን ክብ ድንጋይ፣ በ1987 ደግሞ ሰንስቶን የተባለውን የከበረ ድንጋይ መርጣለች።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የባሕሩን ዳርቻ ነው። በኒውፖርትና በያሃትስ አካባቢ ባለው ጠረፍ አጌት ይገኛል። አጌት የሚፈጠረው ሲሊካ የተባለውን የአሸዋ ማዕድን ያዘለ ውሃ፣ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ጋዝ ትቶት የሄደውን ባዶ ቦታ በረጅም ዘመን ንብርብር እየሠራ ሲሞላው ነው፤ ቢጫውንና ቀዩን ቀለም በአብዛኛው የሚሰጠው ብረት ነው። በዙሪያው ያለው ዓለት ተፈርፍሮ ሲያልቅ እርሱ በጥንካሬው ይተርፍና በወንዝና በሞገድ ተገፍቶ ከጠጠሩ ጋር ይደባለቃል። በሞቃቱ ወራት ጠጠሩ በአሸዋ ስለሚሸፈን፣ መሄድ የሚሻለው የብርዱ ወራት ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ በወሰደበት ወቅት፣ ያውም ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት ነው። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰሌዳ ሳንመለከት ከቤት አንወጣም።

በዚህ ሥራ ሁለት ሰው መሆን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በኦሪገን ጠረፍ ባሕሩ ረጋ ብሎ ቆይቶ በድንገት ከሌላው ሁሉ የላቀ ሞገድ ይልካል፤ ጎንበስ ብሎ ጠጠር የሚመረምረውን ሰው ጠልፎ የሚወስደውም ይኸው ነው። ስለዚህ አንዳችን ስንለቅም ሌላችን ፊታችንን ወደ ባሕሩ መልሰን እንቆማለን። ባለቤቴ በጥበቃ ተራዋ እንኳ ዓይኗ ወደ መሬት ሲሾልክ እይዛታለሁ። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚቀናት እርሷ መሆኗን መካድ አልችልም፤ ምክንያቱም ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛ ትሄዳለች፣ ብርሃኑም ከወዲያ በኩል ሲመታቸው ተራው ጠጠር ጥቁር ሆኖ ሲቀር አጌቱ ውስጡ በርቶ ይታያል። እኔ መስመርና ቅርጽ ስለምፈልግ ክምሩን አንድ በአንድ እያገላበጥሁ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ነገር ግን እርሷ ያለፈቻቸውን ቀለማቸው ደብዛዛ፣ ንብርብራቸው ግን ውብ የሆኑ ድንጋዮች የማገኘው እንዲሁ ነው።

የባሕር ዳር ድንጋይ አንድ ተንኮል አለው፤ እርጥብ ሳለ ሁሉም ያምራል፣ ቤት ደርሶ ሲደርቅ ግን ብዙው ግራጫ ይሆናል። ባለቤቴ ስለዚህ የለቀመችውን እዚያው በፎጣ አድርቃ እንደገና ታየዋለች። አንድ ሰው በቀን ከ1 ጋሎን፣ በዓመትም ከ3 ጋሎን በላይ ከባሕር ዳርቻው መውሰድ ስለማይፈቀድለት ያለ ይሉኝታ መምረጥ ግድ ነው። (ከደላንታ የሚወጣው የወሎ ኦፓል ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውሃ ስለሚመጥ ሲርስ የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ያለንን አንድ ኦፓል ድንጋዮቹን ከምናጥብበት ገንዳ አርቀን የምናስቀምጠው ለዚህ ነው።)

ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ደረቅ ምድር ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ከቤንድ ወደ በርንስ በሚወስደው 20 ቁጥር አውራ ጎዳና አጠገብ ግላስ ቢውትስ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ፤ መሬቱ በባልጩት ተሸፍኗል። ጥቁሩ ብቻ ሳይሆን ብረት ያቀላው፣ ወርቃማ ነጸብራቅ ያለውና የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳየውም ይገኛል። የመጨረሻው ሲያዩት ተራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀለሙ የሚገለጠው በትክክለኛው አቅጣጫ ተቆርጦ ሲወለወልና ብርሃን በውስጡ በተሰለፉት እጅግ ጥቃቅን ማዕድናት ላይ ሲያርፍ ነው። ስብርባሪው የመኪና ጎማ ስለሚበሳ ትርፍ ጎማ መያዝ፣ መዶሻ ከማንሳት በፊትም ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ ይገባል።

በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ ስንቆም ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መልካ ቁንጥሬ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ የሚገኘው ይህ ሥፍራ፣ ከአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊትም ጀምሮ እዚያ ባልጩት እየሰበሩ መሣሪያ ሠርተዋል። የግላስ ቢውትስን ባልጩትም የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለረጅም ዘመን ሲጠርቡት ኖረዋል። ጥሬውን ድንጋይ ለራስ መልቀም ሲፈቀድ፣ እነርሱ የሠሩትን መሣሪያ መውሰድ ግን በሕግ ክልክል ነው፤ ባለቤቴ ያገኘችውን የፍላጻ ጫፍ ፎቶ አንስታው ባለበት ትታዋለች።

በሰንስቶን ጉዳይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ከፕላሽ መንደር በስተሰሜን ባለው በረሃ ማንም ሰው ለራሱ ያህል ያለ ክፍያ የሚለቅምበት ለሕዝብ የተከለለ ቦታ አለ። ክሪስታሎቹ ከጥንት የባዛልት ፍሳሽ ውስጥ እየወጡ መሬት ላይ ይበተናሉ፤ አብዛኞቹ ጥርት ያሉ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆኑ፣ መዳብ የገባባቸው ጥቂቶች ግን ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሆናሉ። እኔ ቀዩን ብቻ ስመኝ እርሷ ፈዛዛውን ቢጫ ትመርጣለች፤ ደማቅ ቀለም የሚያስጠረጥራትም በየመደብሩ የሚሸጠው ደማቅ ሰማያዊና ሮዝ ስስ የአጌት ቁራጭ በአብዛኛው በቀለም የተነከረ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ነው። መንገዱ አስፋልት የሌለውና ዝናብ ሲዘንብ የሚያሰጥም ስለሆነ ቀጣዩን ጉዞ ለሰኔ አቆይተነዋል፤ እርሷ ከወዲሁ ሁለት የተለያዩ ከረጢቶች አዘጋጅታለች፣ የእኔውን ቀይ የምታኖረው በትንሹ ነው።