ትልቅ ኤስዩቪ ስገዛ የበሩን ወረቀት አነበብኩ

ትልቅ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጉልበቱንና ስክሪኑን ነው። እኔ የምመክረው ግን የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ማንበብ ነው። መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚችል የምትናገረው እሷ ናት። አንዳንዱ ላይ የሰውና የዕቃው ልክ በቀጥታ ተጽፏል። ሌላው ላይ ያለው ከነጭነቱ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ የባዶ መኪናውን ክብደት መቀነስ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የጭነቱ ልክ 700 ኪሎ ነው እንበል። ሰባት አዋቂ ሰዎች በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝኑ 525 ይሆናሉ። 175 ቀረ ማለት ነው። ከኋላ 2,000 ኪሎ ተሳቢ ብናስር፣ የተሳቢው አንገት መኪናው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ነው። 200 ኪሎ። አንድ ሻንጣ ሳይገባ ልኩ አለፈ! ማስታወቂያው "3,500 ኪሎ ይጎትታል" ሲል እውነቱን ነው፤ ሰባት ሰው ጭኖ ይጎትታል ግን አላለም።

ፉል ኦፕሽኑን ትቼ መካከለኛውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። የመስታወት ጣሪያው፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣው መርገጫ፣ ትልልቁ ቸርኬ ሁሉም ክብደት አላቸው። የሚቀነሰውም እኛ ከምንጭነው ላይ ነው። ስለ ቸርኬው ሻጩ ብዙ ሊያሳምነኝ ሞክሮ ነበር። ባለ 22 ኢንች ቸርኬ ያምራል፣ አልክድም። ግን ጎማው ስስ ይሆናል፤ ጉድጓድ ሲያገኘው የሚመታው ቸርኬውን ነው። ባለ 18 ኢንቹ ጎማው ወፍራም ስለሆነ ንዝረቱን ይውጣል፣ ሲቀየርም ዋጋው ይቀላል።

ቀጥሎ የኋላ ወንበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ራሴ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የመሃሉን ወንበር ሰው እንደሚቀመጥበት አድርጌ። አንዳንዱ መኪና ውጪውን ሲያዩት ቤት ያክላል፣ ውስጥ ሲገቡ ግን ጉልበት አገጭ ይነካል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ድፍን የኋላ አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው አንድ ወጥ ብረት ነው። አክስሉ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ስለሚፈልግ ወለሉ ከፍ ይላል። ቼቭሮሌት "ታሆ" እና "ሰበርባን" የተባሉትን ትልልቅ መኪናዎች የ2021 ሞዴል ሲያወጣ ድፍኑን አክስል ትቶ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት አሠራር አስገባ። ወለሉ ወረደ፣ የኋላ ተሳፋሪም እግሩን መዘርጋት ቻለ። ሦስቱም ረድፎች ተዘርግተው ከኋላ ለሻንጣ የሚተርፈውን ቦታም ማየት አለባችሁ። በብዙዎቹ ላይ የሚቀረው ጠባብ ነው።

እናቴንም ይዣት ሄጄ ነበር። ወጣች፣ ተመቻት፣ ከዚያ "ልጄ፣ ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል" አለችኝ። ልክ ናት። የመጨረሻ ውሳኔዬ ላይ የበሩ እጀታ ቦታና የመርገጫው ስፋት ከሞተሩ እኩል ገቡ።

ሞተሩን በተመለከተ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደሩ) ቀረ ብለው የሚያዝኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ላንድ ክሩዘር 300 በ2021 ሲወጣ ቪ8ቱን ትቶ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ይዞ መጣ፤ ቱርቦ ማለት ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ድምፁ እንደሚናፈቅ ይገባኛል። ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚፈልገው ግን ሞተሩ ሳይጮህ የሚገኝ ጉልበት ነው፤ ቱርቦ ይህን ይሰጣል። በምትኩ የዘይት ነገር ቀልድ አይወድም። እኔ ዘይት ከመመሪያው ቀን አላሳልፍም።

ፎር ዊል ድራይቭ ሁሉን ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው አለ። ለመነሳትና ከጭቃ ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም አይረዳም። ሁለት ቶን ተኩል መኪና ነው የምናቆመው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊቴ ካለው መኪና የምጠብቀውን ርቀት ከበፊቱ በጣም አስፍቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው የኮፈኑ ከፍታ ነው። ሙከራ ላይ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከመኪናው አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩና መሪው ጋ ተቀመጥኩ። አይታይም። ባለቤቴ ቦርሳውን እየገፋች ወደ ፊት ወሰደችው። አሁንም አይታይም። እስኪታየኝ ድረስ የተጓዘችው እርምጃ አስደነገጠኝ። አይ አይ ኤች ኤስ የተባለው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆነ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅተኛና ተዳፋት ኮፈን ካላቸው 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ የፊት ካሜራ የሌለውን ከዝርዝሬ አወጣሁ። ካሜራም ቢኖር ጭቃ ሲለብስ ዋጋ የለውም። ጠዋት ሳልነሳ እጠርገዋለሁ፣ መኪናውንም አንዴ እዞረዋለሁ።

መኪናውን ስረከብ የጎማውን ዕድሜ አየሁ። ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ ይጻፋል፤ 2324 ካለ በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። "አዲስ" የተባለ መኪና ብዙ ቆሞ እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። የንፋሱን ልክ ግን ከጎማው ላይ አታንብቡ፤ እዚያ ያለው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው። ትክክለኛው ያው በሩ ላይ ነው። ሙሉ ጭነት ሲሆን የኋላው ንፋስ ብዙ ጊዜ ይጨምራል።

መጀመሪያ ላይ ሞተሩን አላስጨነቅኩትም። ብዙ መመሪያዎች ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ተሳቢ አትጎትቱ ይላሉ። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ መንዳትም አይመከርም። ፍጥነቱን እያለዋወጥኩ፣ ነዳጁን በስሱ እየረገጥኩ ነዳሁት።

ነዳጁ ይበላል፣ ማቆሚያም ይጠባል። ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ሲጫን ደግሞ ሁለቱም ይብሳሉ፤ መኪናው ከላይ ሲከብድ መታጠፊያ ላይ ያጋድላል። በብዙ መኪናዎች የጣሪያው ልክ ከ100 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ከባዱን ዕቃ ወለል ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ አስጠግቼ አስቀምጣለሁ። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ብርድ ልብስና ፍራሽ ነው።

ስኮርታው ያለው ከሥር ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ። መፍቻው ከኋላ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ እየዞረ ያወርደዋል። ብዙ ጊዜ ካልተነካ ገመዱ በአቧራና በዝገት ይደርቃል፣ ጎማው ባስፈለገበት ሰዓትም አልወርድም ይላል። ስለዚህ ሰርቪስ በገባ ቁጥር አስወርደዋለሁ፣ ገመዱን ግራሶ አስቀባለሁ፣ ንፋሱን አስሞላለሁ። ክሪኩ የት እንዳለና የት ቦታ እንደሚያርፍ ባለቤቴም ታውቃለች።