አላለቀስኩም፣ ኪኒኑ ነው

ዛሬ ጠዋት ድብር ብሎኛል። ምክንያት አትጠይቁኝ፤ የነሐሴ ጠዋት ነው፣ ይበቃል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሯል፣ መብራት የለም፣ ደግሞ ጾም ነው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ የታችኛዋ ጎረቤቴ አየችኝና "ምነው፣ ስታለቅሺ ነው እንዴ ያደርሽው?" አለች። አላለቀስኩም። ዓይኔ ሥር የሚያብጠው በኪኒኑ ነው። ስንቴ እንደነገርኳት እንጃ። "እግዜር ይማርሽ" ትልና በሳምንቱ እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች።

እናንተ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። "ጣፊያ ነው" ሲሉኝ የከረሙበት ጊዜ፣ ከዚያ የነጭ ደም ሴሌ ቁጥር የላብራቶሪዋን ልጅ ያስደነገጠበት ቀን፣ ከዚያ ሲ.ኤም.ኤል.። ቀስ ብሎ የሚሄደው የደም ካንሰር ዓይነት ነው። በቀን አንዴ 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ እውጣለሁ፤ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። በባዶ ሆዱ የሞከረ ሰው ሆዱ ምን እንደሚለው ያውቃል።

ቤት ገብቼ ያበጠ ዓይኔን በመስታወት ሳይ ማክስ የሚባለው ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም እንደኔው ሲ.ኤም.ኤል. ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1991 ሞተ፣ በ17 ዓመቱ። እኔ የምውጠው ኪኒን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 ነው። አሥር ዓመት! በ1997 አባቱና የእንጀራ እናቱ በስሙ ማክስ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። (የእንጀራ እናት በኛ ተረት ውስጥ ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። ይቺኛዋን ማን ይተርትላት?) ኪኒኑ ሲወጣ ዋጋው እንደኔ ያለ ሰው የሚያስበው አልነበረም። ከ2002 ጀምሮ ግን ድርጅቱ ከአምራቹ ከኖቫርቲስ ጋር ሆኖ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በነፃ የሚደርስበትን መንገድ ዘረጋ። ኢትዮጵያም ገባችበት።

የኛው ማቲዎስ ወንዱም እንዲሁ ነው። በደም ካንሰር ያረፈ ሕፃን። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ መሠረተ። ስሙን በራዲዮ ስንሰማው ድርጅት ብቻ ነው የሚመስለን፤ ልጅ እንደነበር እንረሳለን።

ይሄ ነገር ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ሰው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? እነዚህ ግን ከለቅሶ ተነስተው ለማያውቁት ሰው ልጅ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። የነሱ ልጅ ያልደረሰበትን ኪኒን እኔ በሽሮ እያወራረድኩ ስለ ዓይኔ እብጠት እነጫነጫለሁ።

እና እኔ ለማን ምን አደረግኩ? ስልክ አነሳለሁ። ሥራዬ እሱ ነው። ወረፋ ላይ የተዋወቅን ሰዎች ቁጥሬን ይዘዋል፣ እነሱ ደግሞ ለሌላ ይሰጡታል። ባለፈው ሳምንት የደወሉት አባባ ናቸው፤ ስለሳቸው ከዚህ በፊት ጽፌያለሁ፣ የሰሜን ሸዋው ገበሬ።

"ልጄ፣ ደሜ ተስተካክሏል አሉኝ። እንግዲህ ለሱባኤው ጸበል ልገባ ነው፤ ኪኒኑን እስኪፈታ ባቆየውስ?"

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያመልጠን። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት የደም ቆጠራው ደህና ይላል፣ ጣፊያውም ይሟሽሻል፣ ሰውየውም ድኛለሁ ይላል። በሽታው ግን መቅኒ ውስጥ አድፍጦ ሊኖር ይችላል። እሱን የሚያየው ፒ.ሲ.አር. የሚሉት ምርመራ ነው። ይሄን ሁሉ በስልክ እንዴት ላስረዳቸው? "አባባ፣ ማሳዎ ላዩ ታርሞ ሥሩ ቢቀርስ?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "እሱስ ይመለሳል" አሉ።

"ጸበሉ እኮ ኪኒን አቁሙ አላለም" አልኩ። "ከቅዳሴ በኋላ በ9 ሰዓት ሲቀምሱ አብረው ይዋጡት። እኔም ሐኪሜን ጠይቄ በጾም እንደዚያ ነው የማደርገው። እርስዎም ይጠይቁ።"

"በምን ልዋጠው? ያለኝ በሶ ነው።"

"በሶም ምግብ ነው። ብቻ ውሃውን ያብዙት።"

"ውሃማ ምን ጠፍቶ! ጸበል አይደል የምገባው?"

እንዲህ ናቸው። ታዲያ እሳቸው ኪኒኑን ሊወስዱ እዚህ ለመድረስ ምን እንደሚከፍሉ ማንም አይጠይቅም። ኪኒኑ ነፃ ነው ሲባል ሁሉም ነገር ነፃ ይመስላል። የአውቶቡሱ አይደለም፣ የቀረው የእርሻ ቀንም አይደለም፣ ማደሪያውም አይደለም። ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ካንሰር ያለባቸው ልጆች ማደሪያ የሚያዘጋጀው ይሄን ስለሚያውቅ ነው። አባባ ግን ልጅ አይደሉም። የሚያድሩት የወንድማቸው ልጅ ጋ ነው፤ ሚስትየው ፊቷን እያጠቆረችባቸው። አንድ ሌሊት ለማሳለፍ ግማሽ ኩንታል ድንች ተሸክመው ይመጣሉ፣ ደግሞ "ቤተሰብ አለኝ፣ ተመስገን" ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ለካ ሲስተር ደውላልኝ ነው። በዓለም አቀፉ የሲ.ኤም.ኤል. ቀን "አምስት ደቂቃ ተናገሪ፣ አዳዲሶቹ ታካሚዎች ይበረታታሉ" ብላኛለች። ቀኑ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 22 ነው። በዘጠነኛው ወር የሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ በሽታውን የሚያመጣው ሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከሙት 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ መስከረም 12 ይሆንና ብልጠቱ ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

እኔ ብናገር የማውቀው ስለ ብርጭቆ ውሃ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ውሃ። ሰው ይተኛል። "ጠንካራ ሴት" እያሉ ሲያጨበጭቡልኝ ደግሞ የት ልግባ እላለሁ። መናገር ያለባቸው አባባ ናቸው። ሲያወሩ የሚያስቁ፣ የሚያስለቅሱም፣ ሰው የሚያምናቸው።

ግን አውቃቸዋለሁ። ማይኩን ሲይዙ መጀመሪያ የሚሉት "ጸበሉ ፈወሰኝ" ነው። ኪኒኑን አንድም ቀን ሳያዛንፉ እየዋጡ! ትናንት ውጤቱን የተቀበለው ወጣት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ቢወጣስ? አስቀድሜ "ኪኒኑንም አይርሱት" ብዬ ባስጠናቸው፣ ሲያስጠኗቸው የሚወዱ ሰው አይደሉም። ደግሞስ እኔ ማን ነኝና የሳቸውን ምስክርነት የማርመው?

እስቲ ንገሩኝ፣ ማይኩን ልስጣቸው ወይስ ስለ ውሃ ላውራ?